ፒክአፕ ወይስ ኤስዩቪ፤ መኪና መርጦ ከፍ የማድረግ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቀን 1

ይህን ማስታወሻ መያዝ የጀመርኩት ገና አንዱንም መኪና ሳልገዛ ነው። የቀረቡልኝ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የወንድሜ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ፒክአፕ ሲሆን፣ ሁለተኛው አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሊሸጠው ያሰበው ፎርቹነር ነው። ሁለቱም ባለቤቶች መኪናቸውን ወስጄ፣ ሥሩ ገብቼ እንድለካ ፈቅደውልኛል። የምገዛውን መኪና ወዲያው እግሩን ቀይሬ ከመሬት ከፍ እንደማደርገው ስለወሰንኩ፣ የእኔ ጥያቄ በጥቅሉ የትኛው መኪና ይሻላል የሚል አይደለም። ከፍ ከተደረገ በኋላም የተሠራበትን ጠባይ ሳይለቅ የሚቀረው የትኛው እንደሆነ ነው ማወቅ የምፈልገው።

ለንጽጽር የተመቹ መሆናቸው መልካም አጋጣሚ ነው። ሁለቱም ቶዮታ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2004 ያስጀመረው አይኤምቪ የተባለው የጋራ መሠረት የመጀመሪያ ትውልድ ልጆች ናቸው። ሁለቱም የመሰላል ቅርጽ ባለው ሻንሲ (የመኪናው የብረት አጽም) ላይ የተቀመጡ ሲሆን፣ የፊት እግራቸውም (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው ክፍል) ከላይና ከታች ክንድ ያለው፣ ሞላው ሾክ አብዞርበሩን ከብቦ የሚቆም ነው። ስለዚህ ከፊት ለፊት ስለሚሠራው ሥራ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። ልዩነቱ ያለው ከሹፌሩ ወንበር ወደ ኋላ ነው፤ ፒክአፑ ባሌስትራ (ተደራርበው የታሰሩ ቅጠል መሰል ብረቶች) አለው፣ ኤስዩቪው ግን የኋላ አክሱ በክንዶች ተይዞ በሞላ ላይ ይቆማል። በተጨማሪም በፊትና በኋላ አክስ መካከል ያለው ርቀት በፒክአፑ 3,085 ሚሊ ሜትር፣ በኤስዩቪው 2,750 ሚሊ ሜትር ነው። ነገ የምጀምረው ከዚህ ቁጥር ነው።

ቀን 2

ርቀቱ የሚያስከፍለውን ዋጋ በስሌት ለማየት ሞከርኩ። መኪና ጉብታ ሲሻገር ሆዱ መሬት እንዳይነካ የሚያስችለው ማዕዘን የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ ሆዱ ከመሬት ምን ያህል እንደራቀና የፊትና የኋላ ጎማዎች ምን ያህል እንደተራራቁ። የሆዱን ከፍታ በሁለቱም 220 ሚሊ ሜትር ብዬ ወስጄ፣ የጎማውን ክበብ ሳልቆጥር ቀለል ባለው ስሌት ብቻ ሳሰላው ኤስዩቪው 18.2 ዲግሪ፣ ፒክአፑ 16.2 ዲግሪ ሆኑ። ፒክአፑ ኤስዩቪው ያለምንም ሥራ የያዘውን ማዕዘን እንዲደርስበት ሆዱ 247 ሚሊ ሜትር አካባቢ መድረስ አለበት። ይህ ማለት ፒክአፑን ከፍ ሳደርገው የመጀመሪያው 27 ሚሊ ሜትር የርዝመቱን ዕዳ መክፈያ ይሆናል፤ ትርፍ የሚቆጠረው ከዚያ በላይ ያለው ብቻ ነው።

ይህ ግኝት ለአንድ ሰዓት ያህል ኤስዩቪውን አስመርጦኝ ነበር። ይሁን እንጂ ከመኪናው ሥር ተኝቼ ሳይ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። በሁለቱም መኪኖች ከኋላ በኩል ለመሬት በጣም የሚቀርበው የዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው ማርሽ) እንቁላል ሲሆን፣ እርሱን ሞላም ሆነ ባሌስትራ ከፍ አያደርገውም። አክሱ ከጎማው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዲፈረንሻሉ የሚነሣው ተለቅ ያለ ጎማ ሲታሰር ብቻ ነው። እግርን ከፍ ማድረግ ሻንሲውን፣ ሆዱንና ፓራውልቱን ያነሣል፤ ለትልቅ ጎማም ቦታ ይሰጣል። ይህን ሳይለዩ «መኪናዬ ሁለት ኢንች ተነሣ» የሚሉ ሰዎች ድንጋይ ላይ ዲፈረንሻላቸው ሲመታ የሚገረሙት ለዚህ ይመስለኛል።

ቀን 3

ቀኑን በሙሉ የኋላውን እግር ሳጠና ዋልኩ።

ባሌስትራ ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ይሠራል፤ ክብደት ይሸከማል፣ አክሱንም በቦታው ይይዛል። ከፍ ለማድረግ በሰፊው የሚታወቁት መንገዶች አራት ናቸው። የመጀመሪያው በአክሱና በባሌስትራው መካከል ድፍን ብረት ማስገባት ነው፤ ይህ ቀላልና ርካሽ ቢሆንም አክሱ በጭነትና በፍሬን ጊዜ ባሌስትራውን የሚጠመዝዝበትን የማንሻ ክንድ ያስረዝመዋል፤ ከፊት አክስ ላይ ደግሞ ጨርሶ ሊታሰብ የማይገባው ነገር ነው። ሁለተኛው በባሌስትራው ጫፍ ያለውን ማንጠልጠያ በረዥም መቀየር ሲሆን፣ ከተጨመረው ርዝመት ወደ ከፍታ የሚቀየረው ግማሹ ገደማ ብቻ ነው፤ የዲፈረንሻሉንም አፍንጫ (ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ የሚገባበትን ጫፍ) ከነበረበት አቅጣጫ ያዞረዋል። ሦስተኛው አንድ ቅጠል መጨመር ነው፤ ይህም ከፍ ያደርጋል፣ ነገር ግን ባዶውን የሚሄድን ፒክአፕ ከበፊቱ የባሰ ያዘልለዋል። አራተኛው ከነቅስቱ የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ ማስገባት ነው፤ ጭነቱ ታውቆ ከተመረጠ ትክክለኛው ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

የኤስዩቪው ጣጣ የተለየ ዓይነት ነው። ሞላውን መቀየር ከባሌስትራው እጅግ ይቀላል፤ የሾክ አብዞርበሩን የታች ብሎን ፈትቶ አክሱን ዝቅ ማድረግና ሞላውን መሳብ ነው። አክሱን ግን ቁመታዊ ክንዶችና አንድ አግድም ዘንግ ይይዙታል። አግድሙ ዘንግ አንድ ጫፉ ከሻንሲው፣ ሌላው ከአክሱ ጋር ስለታሰረ መኪናው ከፍ ሲል አክሱን ወደ ጎን ይጎትተዋል። ይህን ነገር ብዙዎች ሲያጋንኑት ስለሰማሁ ራሴ ላሰላው ፈለግኩ። ዘንጉ 1,000 ሚሊ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና ከመጀመሪያው 60 ሚሊ ሜትር ያዘነበለ ቢሆን፣ መኪናው በ40 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል አክሱ ወደ ጎን የሚሄደው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ75 ሚሊ ሜትር ከፍ ሲል ግን ከ7 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ በመጠኑ ከፍ ለሚያደርግ ሰው ይህ ኤስዩቪውን ለመጣል የሚያበቃ ምክንያት አይደለም። ብዙ ከፍ የሚያደርግ ግን ርዝመቱ የሚስተካከል ዘንግ መግዛቱ አይቀርለትም።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ከካምቢዮ (ማርሽ መቀየሪያው) ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ነው። መኪናው በ40 ሚሊ ሜትር ሲነሣ 1,200 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ 1.9 ዲግሪ ይጨምራል፤ 800 ሚሊ ሜትር የሆነው ግን 2.9 ዲግሪ። ዘንጉ ባጠረ ቁጥር ክሮቼራዎቹ (በዘንጉ ጫፎች ያሉት ተጣጣፊ መገጣጠሚያዎች) የሚሠሩበት ማዕዘን እየከፋ ይሄዳል ማለት ነው። ባሌስትራው በሙሉ ሲቀየር የዲፈረንሻሉ አፍንጫ አቅጣጫውን ስለማይለቅ ከፊትና ከኋላ ያሉት ሁለት ማዕዘኖች እኩል አብረው ይጨምራሉ፤ እኩል እስከሆኑ ድረስም አንዱ የፈጠረውን የፍጥነት መዋዠቅ ሌላው ያጠፋዋል። ክንድ ያለው አክስ ግን ወደ ታች ሲወርድ በክንዶቹ ቅስት ላይ ስለሚጓዝ አፍንጫው በመጠኑ ይዞራል።

ቀን 4

ለብዙ ዓመታት በመካኒክነት የሠሩ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ የሦስት ቀን ስሌቴን አሳየኋቸው። ወረቀቱን በትዕግሥት አይተው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን የምትጭነውን ሚዛን ላይ አውጥተኸዋል?» አሉኝ። አላወጣሁትም ነበር። «እንግዲያው ገና አልጀመርክም። ሞላ የሚመረጠው በሚሸከመው ነው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ማታ ቤት ገብቼ ሁልጊዜ ከመኪናው የማይወርደውን ጭነት አንድ በአንድ መዘንኩ። የውሃ በርሜሉ ከነውሃው 80 ኪሎ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ 70 ኪሎ፣ ሁለተኛው ትርፍ ጎማ 35 ኪሎ፣ ድንኳኑና የመኝታው ዕቃ 60 ኪሎ፣ ከፊት የሚታሰረው የብረት መከላከያ 45 ኪሎ ሆነ፤ በድምሩ 290 ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ 45 ኪሎው ሙሉ በሙሉ የፊት ሞላዎች ዕዳ ነው፤ እንዲያውም ከፊት አክስ ቀድሞ ስለሚንጠለጠል ከክብደቱ በላይ ይጫናቸዋል። የቀረው 245 ኪሎ የኋላው ድርሻ ነው።

እስካሁን ሳስበው የነበረው ነገር የተገለበጠብኝ በዚህች ማታ ነው። መኪና ከፍ የሚለው ከብረቱ ርዝመት የተነሣ ብቻ አይደለም፤ የሞላው ጥንካሬ ከተጫነበት ክብደት ጋር ሲመዛዘን የሚያርፍበት ቦታ ነው ቁመቱ። ለ300 ኪሎ የተሠራ ባሌስትራ ባዶ ፒክአፕ ላይ ቢታሰር መኪናው እንደ ፌንጣ ኋላውን ሰቅሎ ይቆማል፤ ለባዶ መኪና የተሠራ ከፍ ያለ ሞላ ደግሞ 290 ኪሎ ሲጫንበት የተገዛለትን ከፍታ በሙሉ መልሶ ያጣል። የሃይሉክሱ የኋላ ባሌስትራ ከፋብሪካው የታሰበው አንድ ቶን ለሚጠጋ ጭነት ስለሆነ የእኔ 245 ኪሎ ለእርሱ ቀላል ነው። ፎርቹነሩ የተሠራው ግን በዋነኛነት ሰው እንዲይዝ ስለሆነ፣ በዚያው ጭነት ላይ አራት ሰው ሲቀመጥበት ወደ አቅሙ ጫፍ ይጠጋል። ከፍ የሚያደርግ ሞላ መግዛት ደግሞ ፋብሪካው የፈቀደውን ጠቅላላ ክብደት አይጨምርም፤ ይህን ብዙ ሰው የሚያምታታው ይመስለኛል።

ቀን 5

ዛሬ ሊወገዱ የሚገባቸውን አማራጮች አስወገድኩ። በጋቢናውና በሻንሲው መካከል ድፍን መደገፊያ አስገብቶ አካሉን ብቻ ማንሣት ለትልቅ ጎማ ቦታ ይሰጣል እንጂ ሻንሲውን ከመሬት አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አያርቀውም። የመሪ ዘንግ፣ የነዳጅ መሙያ ቱቦና የራዲያተር ቬንትሌተር ሽፋን ደግሞ በሙሉ ዳግመኛ መስተካከል ይፈልጋሉ። ትቼዋለሁ።

ቀጥሎ የመገልበጥ ነገር አለ። አንድ መኪና ወደ ጎን እንዳይገለበጥ ያለው መቋቋም በቀላሉ የሚገመተው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ለስበት ማዕከሉ ቁመት እጥፍ ሲካፈል ነው፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ከ2001 ጀምሮ መኪኖችን ለመገልበጥ አደጋ ሲመዝን ይህንኑ ቁጥር ይጠቀማል። ስፋቱን 1,540፣ የስበት ማዕከሉን ደግሞ ለምሳሌ ያህል 700 ሚሊ ሜትር ብዬ ሳካፍል 1.10 አገኘሁ፤ ማዕከሉ 40 ሚሊ ሜትር ሲነሣ 1.04 ይሆናል። ትንሽ ይመስላል፤ ይሁንና ለጎን ኃይል ያለው መቋቋም በ5 ከመቶ በላይ ቀነሰ ማለት ነው። ኤስዩቪው ውስጥ ቦታው ሲሞላ ዕቃዬ ወደ ጣሪያው መደርደሪያ መውጣቱ አይቀርም፤ ይህም ቁጥሩን ይበልጥ ያወርደዋል። ፒክአፑ ውስጥ ግን ውሃውና መሣሪያው በካሶኒው (የኋላው የጭነት ሳጥን) ወለል ላይ ይቀመጣሉ። ካሶኒው የራሱ ወጥመድ አለው፤ ከአክሱ ኋላ የተቀመጠ ጭነት የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ ስለዚህ ከባዱን ዕቃ ወደ ጋቢናው አስጠግቼ አስራለሁ።

ቀን 8

ፒክአፑን ገዛሁ። የወሰንኩት መጠን ከፊትም ከኋላም 40 ሚሊ ሜትር ነው። ልጆች ከኋላ ወንበር የሚቀመጡበትና ጭነቱ የሚቀያየር ቤተሰብ ቢሆን ኖሮ ያለ ጥርጥር ኤስዩቪውን በመጠነኛ ሞላ እመርጥ ነበር፤ ባዶውን ሲሄድ የሃይሉክሱ ኋላ የሚያዘልለውን ያህል ማንም አያዘልልም። የእኔ መኪና ግን ባዶውን የሚሄድበት ቀን የለም።

ቀን 9

ስለ ፊቱ እግር አንድ ነገር መመዝገብ አለብኝ። ርካሹ መንገድ ከሾክ አብዞርበሩ አናት ላይ ድፍን ቀለበት ማስገባት ነው። የታችኛውን ክንድ ስለካ ከውስጥ መታጠፊያው እስከ ሾክ አብዞርበሩ ማሰሪያ 225፣ እስከ ቦል ጆይንቱ (ክንዱን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ኳስ መሰል መገጣጠሚያ) ደግሞ 390 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሾክ አብዞርበሩ የታሰረው ከክንዱ መሃል አለፍ ብሎ ስለሆነ፣ ጎማው ላይ 40 ሚሊ ሜትር ለማግኘት የሚያስፈልገው ቀለበት 23 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ቀለበት ያስገባ ሰው መኪናውን ወደ 70 ሚሊ ሜትር ያነሣዋል፤ ከዚያም ቦል ጆይንቱና የፊት ጎማ ዘንጎቹ ለምን ቶሎ እንዳለቁ ይጠይቃል።

ቀለበቱ በልኩ ቢሆን እንኳ አልወደድኩትም። ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ከተሠራበት ወሰን በላይ እንዲወርድ ያደርገዋል፤ ወደ ላይ ሲመጣም የጎማው ማቆሚያ ከመድረሱ በፊት ሾክ አብዞርበሩ ራሱ እስከ መጨረሻው ተጨምቆ ሊመታ ይችላል። ስለዚህ ርዝመቱ ለዚሁ የተሠራ ሾክ አብዞርበር፣ የብረት መከላከያውን ክብደት ታሳቢ ካደረገ ሞላ ጋር አብሬ አዘዝኩ።

ቀን 15

የፊቱ ሥራ ዛሬ አለቀ። ከመፍታቴ በፊት ከቸርኬው (የጎማው ብረት) መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው የአካል ክፍል) ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ጎማዎች ለክቼ ጻፍኩ። ከጎማው ሥር የሚለካ ሰው የጎማ ንፋስ ያሳስተዋል፤ ከቸርኬው መሃል የተለካ ግን አይዋሽም። ሞላውን በማጭመቂያ መሣሪያ ጨምቄ ከሾክ አብዞርበሩ ማላቀቁን ለብቻዬ አልሠራሁትም፤ የተጨመቀ ሞላ ቢያመልጥ ሰው ይገድላል፤ ያን ሥራ ባለሙያ ሠራልኝ።

ከታሰረ በኋላ ሁለቱንም የፊት ጎማዎች በአየር ላይ አንጠልጥዬ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞርኩ ጎማውን በእጄ አሽከረከርኩ። የሚያዝ ወይም የሚንቋቋ ነገር አልነበረም፤ የፍሬን ቱቦውም የኤቢኤሱም ሽቦ አልተወጠሩም።

ቀን 16

የኋላውን ባሌስትራ አስገባሁ፤ ጥፋትም ሠራሁ። አዲሱን ባሌስትራ አስቀምጬ፣ የማዕከሉ ብሎን በአክሱ ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱን አረጋግጬ፣ ዩ-ቦልቶቹን (ባሌስትራውን ከአክሱ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ያላቸው ብሎኖች) በአዲስ ለውጬ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል አጠበቅኳቸው። አንድ ጊዜ የተሳበ ዩ-ቦልት ተመልሶ አይታሰርም፤ እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ነገር ግን መኪናው ገና በመደገፊያ ላይ እንደቆመ የባሌስትራውን ጫፍ ብሎኖችም አብሬ አጠበቅኳቸው። መኪናውን አውርጄ ስለካ ኋላው ከታሰበው 15 ሚሊ ሜትር በላይ ሆኖ ቆሟል፤ በቀስታ ስነዳውም ይጮሃል።

ምክንያቱን ለማግኘት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በጫፎቹ ያሉት ጎሚኒዎች (ብሎኑን የከበቡት የላስቲክ ቀለበቶች) የሚሠሩት በመጠምዘዝ ነው፤ ባሌስትራው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ ጎሚኒው ያንን ቦታ እንደ ማረፊያው ቆጥሮ ይይዛል። ከዚያ በኋላ መኪናው ሲወርድ ሁልጊዜ እንደተጠመዘዘ ይኖራል፤ በጥቂት ጊዜም ይቀደዳል። መኪናውን በጎማው ላይ አቁሜ፣ ጭነቱን ሁሉ ካሶኒው ላይ አድርጌ፣ ብሎኖቹን አላልቼ መኪናውን ጥቂት ካወዛወዝኩ በኋላ እንደገና አጠበቅኳቸው። 15ቱ ሚሊ ሜትር ጠፋ፤ ጩኸቱም አብሮት ጠፋ።

ቀን 17

በዝርዝሬ ውስጥ ያልነበረ ነገር ዛሬ ተገኘ። ከኋላ አክስ ወደ ሻንሲው የሚወጣ ቀጭን ዘንግ አለ፤ ጫፉ ላይ ለኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ ይገኛል። ቫልቩ ጭነትን የሚያውቀው በሻንሲውና በአክሱ መካከል ካለው ርቀት ነው። ርቀቱ በ40 ሚሊ ሜትር ስለጨመረ መኪናው ባዶ የሆነ መስሎት የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፤ 245 ኪሎ ተጭኖም ቢሆን። የዘንጉን ማሰሪያ በዚያው መጠን የሚያስተካክል ቅንፍ አስገባሁ፤ ከዚያ በፊት ፍሬን ስይዝ አፍንጫው ከበፊቱ ይበልጥ ሲደፋ የነበረው ተስተካከለ። ባሌስትራቸውን ከፍ ላደረጉ ሰዎች ሁሉ ከዚህ ሥራ አንድ ነገር ብቻ ንገር ብባል ይህንን እነግራቸዋለሁ።

የዲፈረንሻሉ መተንፈሻ ቱቦ ተወጥሮ ስለነበር በረዥም ለወጥኩት። የፊት መብራቱም ወደ ታች ተስተካከለ።

አላይመንቱን (የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከሉን) ባለሙያ ሠራው። ካስተሩ (መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት መስመር ከጎን ሲታይ ያለው ዝንባሌ) ከ3 ዲግሪ ወደ 2 ዲግሪ ወርዶ ነበር፤ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ ወደ መሃል ለመመለስ ይሰንፍ የነበረው ለዚህ ነው። በታችኛው ክንድ ላይ ባሉት የማስተካከያ ብሎኖች ወደ ቦታው ተመለሰ፤ የላይኛውን ክንድ መቀየር አላስፈለገኝም። ከ40 ሚሊ ሜትር ብዙ የሚያልፍ ሰው ግን በነዚህ ብሎኖች ብቻ ላይበቃው ይችላል።

ቀን 20

ጎማውን ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 ቀየርኩ። የጎማው ቁመት ከ776 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ስለወጣ አክሱ በ13 ሚሊ ሜትር ተነሣ፤ ከዚህ ሥራ ሁሉ ዲፈረንሻሉን ያነሣው ይህ ብቻ ነው። ሆዱ 273 ሚሊ ሜትር ደረሰ፤ የጉብታ ማለፊያ ማዕዘኑም በዚያው ስሌት 20.1 ዲግሪ ሆነ። ፎርቹነሩ በተፈጥሮው ካለው የሚበልጠው በ2 ዲግሪ ብቻ ነው። የፍጥነት ቆጣሪው አሁን ከእውነተኛው ፍጥነት በ3.3 ከመቶ ያነሰ ያነባል ማለት ነው፤ በፊት በትክክል 100 ይሄድ በነበረበት ምልክት ላይ አሁን 103 ያልፋል። ቆጣሪዎች ብዙውን ጊዜ ከፋብሪካቸው ጨምረው ስለሚያነቡ በተግባር ወደ እውነቱ ተጠጋ እንጂ አልራቀም። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር የፊት ጎማው የፓራፋንጎውን የፕላስቲክ ሽፋን አንድ ጥግ ስለነካ ሁለት ጣት ያህል ቆርጬ አወጣሁ።

ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

ዩ-ቦልቶቹን በመጠን መለኪያ ቁልፍ ስፈትሻቸው ከስምንቱ ዳዶዎች ሦስቱ ሩብ ዙር ያህል ገቡልኝ። ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ያለው ርቀት ከፊት በ3፣ ከኋላ በ5 ሚሊ ሜትር ቀንሷል፤ አዲስ ብረት የሚያርፍበት መጠን ስለሆነ አላሳሰበኝም። የሹፌሩ ጎን ከሌላው 6 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ከሞላው ሥር ስስ ቀለበት ጨምሮ ማስተካከል ይቻላል፤ እኔ ግን የመሣሪያ ሳጥኑን ወደ ሌላው ጎን ባዞረው ይበቃል ብዬ ትቼዋለሁ።

የቀረኝ ሥራ አንድ ነው። ሁለቱም ትርፍ ጎማዎች ገና የድሮው ልክ ናቸው። ከአራቱ አንዱ ቢተነፍስና ከእነዚህ አንዱን ከኋላ ባስር፣ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በ3.4 ከመቶ ስለሚለያዩ ዲፈረንሻሉ ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ያለ ዕረፍት ይሠራል። ካሶኒው ሥር ያለው ማንጠልጠያ ትልቁን ጎማ ይይዘው እንደሆነ ነገ እለካለሁ።